የዙርቃን ፊደል

«ይሄ የሐበሻ ጽሑፍ ነው» አለ ፈኪ ኢሳ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ጫፍ ብቻ እንደያዘ።

ዛሂራ የተተኮሰ ልብስ በክንዷ ታቅፋ ሳሎኑ በር ላይ ደርሳ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። የቤቱ ጌታ ሀጅ አብዱልወሃብ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ይዟል። እህቱ ሰውነቷን በጠቀለለችበት ቶብ ጫፍ አፏን ሸፍና ቆማለች። የሀጅ ልጅ ሱላፋ፣ የዛሂራ እኩያና ጓደኛ፣ ከአክስቷ ጀርባ ሆና ወለል ወለሉን ታያለች። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ኬንያ ውስጥ ስለሚካሄደው የሰላም ድርድር ያሳያል። ከሁሉም ፊት ብቻዋን የቆመችው የዛሂራ እናት ረሺዳ ነበረች። እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ ነው፤ ከልብስ ማጠቢያው ጠርተው እንዳመጧት ያስታውቃል።

«የት አገኘሽው?» ሲል ፈኪው የሀጅን እህት ጠየቃት። ፈኪ የሚሉት ቁርዓን እየቀራ በሽተኛ የሚያክም ሰው ነው። ፈኪ ኢሳም ወደዚህ ቤት ሲመጣ የመጀመሪያ ጊዜው አልነበረም።

«የኢጅላል ትራስ ውስጥ። ልብሱን ልቀይር ስል ዱብ አለ።»

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከመኝታ ቤቱ፣ የሱላፋ እናት ሲት ኢጅላል ስትስል ተሰማ። ከረመዳን ወዲህ ከአልጋ አልተነሳችም። ሐኪሞቹ አንዱ ጉበት ነው፣ አንዱ ደም ነው ይላሉ። እሷ ግን ሁሉም እያዩዋት ታልቅ ነበር።

ዛሂራ አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን አየችው። በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ ነው። ፊደሉን ስታይ ልብሱ ከክንዷ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ታውቀዋለች። የሠራችው እሷ ናት።

«ረሺዳ» አለ ሀጅ አብዱልወሃብ ቀስ ብሎ። «ከኛ ጋር ዳቦና ጨው በልተሻል። በምን በደልንሽ?»

«ሀጅ፣ በአላህ ይሁንብኝ አላውቀውም። እኔ ማንበብ አልችልም። አረብኛውንም፣ የኛንም።»

«ማንበብ የማይችል ሰው ያስጽፋል» አለች እህቱ።

ሀጅ ወደ ልጁ ዞረ። «ሱላፋ፣ ይህን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ሱላፋ ቀና አለች። ዓይኗ ከዛሂራ ዓይን ጋር ተገጣጠመ፤ ወዲያው ሸሸ።

«ላ፣ አባባ» አለች። «አይቼው አላውቅም።»

ሁለቱን ልጆች ያቀራረባቸው የሱላፋ መጽሐፍ ነው። ዛሂራ ከምትኖርበት ከዴም ሰፈር፣ ከሐበሾች ትምህርት ቤት ስትወጣ፣ ሚኒባስ ይዛ ወደዚህ ሰፈር፣ ወደ ካርቱም ሁለት፣ ትመጣና እናቷን በመተኮስ ታግዛለች። ሱላፋ ደግሞ ወንድምም እህትም የላትም፤ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ለንደን የሚኖር አጎቷ ወፋፍራም ልቦለዶች ይልክላታል፤ ዘንዶ፣ ሰይፍና የሌሉ አገሮች ካርታ ያለባቸው። አንድ ቀን ዛሂራ ስትተኩስ አጠገቧ ተቀምጣ አንዱን መጽሐፍ ወደ አረብኛ እየመለሰች ታነብላት ጀመር። ዛሂራ አፏን ከፍታ ስታዳምጥ የሀጅን ሸሚዝ አቃጠለች። ሱላፋ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» ብላ በራሷ ላይ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም።

መጽሐፎቹ ሲያልቁ የራሳቸውን አገር ፈጠሩ። ስሙን ዙርቃን አሉት። ሁለቱ ዓባዮች ከሚገናኙበት ከሙግረን ሥር፣ ከውሃው በታች ያለ አገር ነው። የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ጠላት፣ የራሱ ሕግ አለው። ሱላፋ ካርታውን ሳለች፤ ዛሂራ ፊደሉን ሠራች። ግማሹን ከአማርኛ ወስዳ ገለበጠችው፤ ግማሹን ከአረብኛ ወስዳ ጭራ ቀጠለችለት። ከሁለቱ በቀር ማንም ሊያነበው አይችልም። ደስ ያላቸውም ለዚሁ ነበር።

አንድ ጊዜ ዛሂራ ከሱላፋ የተዋሰችውን መጽሐፍ ዴስክ ሥር ደብቃ ስታነብ የእንግሊዝኛ መምህሯ ጥዑመልሳን ያዛት። ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና ጠመኔውን አነሳ።

«እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አለ?» ሲል ክፍሉን ጠየቀ። «ተረት ድሮም ነበረ። ጅኒ፣ ጭራቅ፣ የሚያወራ እንስሳ። ግን የድሮ ሰው ጅኒ ሲል የምሩን ነው። ወንዙ ውስጥ አለ ብሎ ስለሚያምን ሲመሽ ወደ ወንዝ አይወርድም። ከዛሬ መቶ ምናምን ዓመት በፊት፣ ባቡርና ፋብሪካ እንግሊዝን ሲሞላው፣ አንዳንድ ጸሐፊዎች ሌላ ነገር ጀመሩ። ራሳቸውም የማያምኑበትን፣ አንባቢውም የማያምንበትን አገር ከነንጉሡ፣ ከነሕጉ መፍጠር። ቀጥሎ አሜሪካ ውስጥ በርካሽ ወረቀት የሚታተሙ መጽሔቶች ተቀበሉት። ከዚያ የዓለም ጦርነት መጣ። ጦርነት ያዩ ሰዎች ስለሚነድ አገርና ስለ ክፉ ነገሥታት ጻፉ፤ ካርታ ሳሉ፣ ቋንቋ ሁሉ ፈጠሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ርካሹን እትም በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ዛሬ ደግሞ አዲስ ቅጽ ይወጣል ሲባል ልጆች መጽሐፍ መደብር በር ላይ ይሰለፋሉ።»

«ታዲያ ከተረት በምን ይለያል ቲቸር?» አለ ከኋላ አንድ ልጅ።

«በስምምነቱ። ጸሐፊው ‹ይሄ ነገር የለም› ይላል። አንባቢው ‹እንደሌለ አውቃለሁ፣ ግን አስገባኝ› ይላል። ሁለቱም ያውቃሉ። አንዱ ከረሳ ግን…»

ደወሉ ተደወለ። ተማሪው ሁሉ ተነሳ። ዛሂራ አንዱ ከረሳ ምን እንደሚሆን ሳትሰማ ቀረች።

«ድግምት የሚሠሩ ሰዎች አንድ ብቻ አይቀብሩም» አለ ፈኪ ኢሳ ወረቀቱን የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ። «የቀረው ካልወጣ ሴትየዋ አትድንም።»

ሀጅ አብዱልወሃብ ለረሺዳ እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ጊዜ ሰጣት። የቀረውን ካወጣች ይቅር ይላታል። ካላወጣች ቡሊስ ይጠራል። ረሺዳ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። ኢቃማ የሌላት ሐበሻ ሠራተኛ፣ ያውም በሲህር፣ በድግምት፣ ተከሳ ጣቢያ ከገባች ምን እንደምትሆን ዴም ውስጥ የማያውቅ የለም። ዕድለኛ ከሆነች ድንበር ላይ ገላባት ትጣላለች። ዕድለኛ ያልሆኑትን ማንም ዳግም አላያቸውም።

ውጭ ሰማዩ የጡብ መልክ ይዟል። ሀቡብ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ ከከተማው ጫፍ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል። የሀጅ እህት መስኮት ለመዝጋት ስትሮጥ ዛሂራ ሱላፋን ክንዷን ይዛ ወደ ማድ ቤቱ ኮሪደር ጎተተቻት።

«አንቺ ነሽ» አለቻት።

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ፊደሉን የምናውቀው ሁለት ብቻ ነን። እኔ አልጻፍኩትም። ምን ነክቶሽ ነው? ትራስ ውስጥ?»

ሱላፋ ከንፈሯን ነከሰች። «ዙርቃን ውስጥ ንግሥቲቱ የታመመች ጊዜ ምን ነበር ያደረጉት?»

ዛሂራ አስታወሰች። ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጽፈው ከራሷ ሥር አኖሩላት፤ እስክትነሳ ድረስ ማንም ጮክ ብሎ እንዳያነበው ተከለከለ፤ ከተነበበ ትሞታለች። ይህን የፈጠረችው ራሷ ዛሂራ ናት።

«እሱን እኮ እኔ ነኝ ያመጣሁት!» አለች። «አንሶላ እያጣጠፍኩ! እንዲሁ አፌ ላይ የመጣልኝን!»

«አውቃለሁ።»

«ዙርቃን የለም፣ ሱላፋ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ!» የሱላፋ ድምፅ ተሰበረ። «ሐኪሙ ‹በአላህ እጅ ናት› ብሎ ሄደ። ፈኪው ውሃ ይረጫል። አክስቴ ማር ታበላታለች። ሁሉም የየራሱን ይሞክራል፤ እኔ ምን ልሞክር? ደግሞ ካስቀመጥኩላት ወዲህ ሾርባ ጠጥታለች። ወላሂ ጠጥታለች።»

«እናቴን ሊወስዷት ነው እኮ።»

«አባባ አይጠራም። ሲናደድ ነው እንደዚህ የሚለው። በአላህ ዝም በይ። ከተነበበ ያበቃል።»

ማዕበሉ ቤቱን መታው። መስኮቶቹ ተንቀጫቀጩ፤ ኮሪደሩ በአንድ ጊዜ ቡናማ ሆነ። ከሳሎኑ የሀጅ አብዱልወሃብ ድምፅ ተሰማ። «ስልኩን አምጡልኝ።» ቁጣ የለበትም። የደከመው ሰው ድምፅ ነው። ዛሂራን ያስፈራትም ይኸው ነበር።

ሱላፋ እጇን ያዘቻት። ዛሂራ ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«ሀጅ» አለች ሳሎኑ መሃል ቆማ። «ጽሑፉን ማንበብ እችላለሁ። ፊደሉን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ረሺዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፈኪ ኢሳ ከተቀመጠበት ተነሳ። ሀጅ የስልኩን እጀታ እንደያዘ «አንቺ?» አለ።

ዛሂራ ማስረዳት ጀመረች። አረብኛዋ የመንገድ አረብኛ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ቃል ያጥራታል። ሪዋያ ነው አለች፣ ልብ ወለድ። ሲህር አይደለም። ሰዎች የሌለ አገር ይፈጥራሉ፣ ለአገሩ ፊደል ያወጡለታል፣ ጨዋታ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ከድሮ ጀምሮ ትልልቅ ሰዎች ይጽፉታል፣ መጽሐፍ ቤት ይሸጣል፣ እንዳለ የሚያምን ሰው የለም። ትምህርት ቤት የሰማችው ሁሉ ከአፏ ሲወጣ ተዘበራረቀ። ራሷ ስትሰማው የማይታመን ይመስል ነበር።

«የሌለ አገር ፊደል» አለ ፈኪው። «የሌለን አገር ፊደል የሚያስተምር ማን ነው? እስቲ ንገሪኝ፣ ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ።»

«አንብቢው» አለ ሀጅ።

ወረቀቱን ተቀበለች። ሱላፋ በሩ ላይ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች፤ በእንባ ተሞልታ፣ አታንብቢ እያለች። ረሺዳ በአማርኛ «ልጄ፣ አንቺን የሚያስይዝሽ ከሆነ ተይው፤ እኔ እሄዳለሁ» አለች።

ዛሂራ አነበበችው።

«‹ኢጅላል፣ የዙርቃን ንግሥት። የውሃው ንጉሥ ትንፋሽሽን ሰርቆ ወደ ታች ወስዶታል። እኔ ልጅሽ ወርጄ አመጣልሻለሁ። እስክመለስ አትሂጂ። ፀጉሬን አክስቴ ስትሠራኝ ያመኛል፤ እንዳንቺ አታውቅበትም። ጠዋት ጠዋት የምታንጎራጉሪው ዜማ ጠፍቶኛል፤ ተነሽና አስታውሽኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።›»

ሀጅ አብዱልወሃብ የስልኩን እጀታ ቦታው መለሰ። ወደ ሱላፋ አየ፤ ለረጅም ጊዜ አያት። አልጮኸባትም። ከዛሂራ እጅ ወረቀቱን ተቀበለ። ፈኪው «ይቃጠል» ሲል ያልሰማ መስሎ አጣጥፎ ጀለቢያው ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ልጅቱን ያበላሸቻት ይቺ ናት» አለች እህቱ። «ሴትየዋ ባታስጽፍም ልጅዋ አስተምራለች። አንድ ነው።»

አቧራው ሲያርፍ ሀጅ ረሺዳን ወደ ግቢው ጠራት። ቡሊስ አይመጣም አላት። ግን ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህ ቤት አትምጡ፤ ኸላስ፣ አበቃ። ረሺዳ አላህ ይስጥልን ብላ ዕቃዋን ሰበሰበች። ሲወጡ ሱላፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ዛሂራ ቆማ ጠበቀቻት። ሱላፋ ቀና ብላ አላየቻትም።

ዴም ውስጥ ወሬው ቀድሟቸው ገብቷል። ለሐበሻ ሴቶች ሥራ የምታፈላልገው ይመኙሻል በመጀመሪያ «ኢንሻአላህ አገኝልሻለሁ» አለች፤ በኋላ ግን ረሺዳን ስታይ መንገድ ትቀይር ጀመር። አንድ ቀን ረሺዳ አስቁማ ስትጠይቃት «ሰው ቤት ልኬሽ አንድ ሰው ቢያመው እኔ ነኝ የምያዘው፣ እህቴ» አለቻት። የአከራያቸው ሚስት ዛሂራ በግቢው ስታልፍ ሕፃኗን ብድግ አድርጋ ወደ ቤት ታስገባለች። በራቸው ላይ ድግምት ይሽራል የሚሉት ጨው ተበትኖ አገኙ። ረሺዳ ጠረገችው። ከዚያ ወዲህ በሩን ቀንም ትቆልፈው ጀመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ ሀሰን ዛሂራን ስልክ አለሽ ብሎ አስጠራት። እጀታውን ስታነሳ መጀመሪያ የቁርዓን ድምፅና የብዙ ሴት ጫጫታ ሰማች።

«እናቴ ሞተች» አለች ሱላፋ።

ዛሂራ ‹ኢና ሊላሂ› ልትል አፏን ከፈተች።

«አንቺ አነበብሽው» አለች ሱላፋ። ስልኩ ተዘጋ።

ዛሂራ ወደ ቤት አልሄደችም። እግሯ ወደ ትምህርት ቤት ወሰዳት። መምህር ጥዑመልሳን ባዶ ክፍል ውስጥ ደብተር ያርማል። የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ አማርኛው ሲያጥራት በአረብኛ እየሞላች። እስክትጨርስ ሰማት።

«ሁለቱም ያውቃሉ ብለህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንዱ ከረሳስ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ያን ዕለት ደወል ባይደወልም የምመልሰው አልነበረኝም» አለ። «መቼ ተጀመረ፣ እንዴት ተስፋፋ፣ እሱን ነው ያስተማርኳችሁ። እንደ ታሪክ ትምህርት። ሰው ሲጨንቀው ግን ያገኘውን ይይዛል፣ ዛሂራ። እኔ እናቴ ስትታመምብኝ ያልወሰድኩበት ጸበል የለም። ይሄን ሁሉ ያነበብኩ ሰው ነኝ ብዬ አልቀረሁም።»

«እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«አይደለሽም።»

«እሷ ግን እንደዚያ ነው የምታስበው።»

«አዎ።»

«ምን ልበላት?»

መምህሩ የሚያርመውን ደብተር ከደነ። «አላውቅም» አለ። «ግን በስልክ የሚባል ነገር አይመስለኝም።»

ረሺዳ ስትሰማ ቁጭ አለች። ለሲት ኢጅላል አለቀሰች፤ ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። ልጇ ለቅሶ ልሄድ ነው ስትላት ግን እንባዋን ጠርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«አብደሻል? እዚያ ሰፈር ብትታዪ ‹ገድላ መጣች› ነው የሚሉሽ።»

«ካልሄድኩስ? ‹ገድላ ቀረች› አይሉም?»

«ይበሉ! እዚህ ሆነሽ ይበሉ!» ረሺዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቡሊስ ቢጠሩ ማን ያወጣሻል? እኔ ጣቢያ በር እንኳን መቆም አልችልም።»

ዛሂራ እናቷ ያለችው ሁሉ ልክ እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም የሱላፋ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም፤ የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ብቻውን የቀረ ሰው ድምፅ ነበር። ጥቁር ሻርፗን አወረደችና መስተዋት ሳታይ አሰረች። ረሺዳ ከበሩ ፈቀቅ ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

የሀጅ አብዱልወሃብ መንገድ በድንኳን ተዘግቷል። ወንዶች ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ሁሉም ተነስተው እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሃ ይቀራሉ። ዛሂራ በዳር በዳር ስታልፍ አንዱ ሌላውን በክርኑ ነካ አደረገው። ሀጅ አብዱልወሃብ አያት። በጥቂት ጊዜ ውስጥ አርጅቷል። ሂጂ ብሎ የሚያባርራት መሰላትና ቆመች። ሀጅ ግን ሁለት መዳፉን ዘረጋ። እሷም ዘረጋች። ፋቲሃውን ቀርታ ፊቷን አበሰችና ወደ ሴቶቹ በር ሄደች።

«ሀበሺያዋ» አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ። ቀጥሎ ሌላ፤ ከዚያ ብዙ። የሀጅ እህት ነጭ ቶብ ለብሳ በሩን ሞልታ ቆመች።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አለቻት። «ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ከአክስቲቱ ትከሻ በላይ ሱላፋ ትታያለች። ጥግ ላይ፣ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ አልተሠራም። በግራም በቀኝም ሴቶች አሉ፤ ማንም ግን አልያዛትም። ዛሂራን አይታታለች። ፊቷ ላይ ይቅርታም ጥላቻም አልነበረም። የሚሆነውን ትጠብቃለች።

መንገዱ ከዛሂራ ጀርባ ክፍት ነው። አሁን ብትዞር ማንም አይከተላትም።

«ከሱላፋ ጋር ልቀመጥ ነው የመጣሁት» አለች። አጎንብሳም ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።